ስዊቲ የተባልኩበት ሰሞን

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ሐኪሙ «ደም ግፊትሽ የሚወጣው ከንዴትሽ ነው፤ መጮህ ተዪና ጻፊው» ስላለኝ ነው ይህን ደብተር የገዛሁት። ይኸው ልጽፍ ነው። ዛሬ ካልጻፍኩ ይደፋኛል።

ትናንት አንድ ልጄን መልከጼዴቅን ዳርኩ። ሠርጉ የተደረገው በእነሱ ቸርች ነው፤ ልጅቷ ጴንጤ ናት። እሺ፣ ዋጥኩት። ከሴቷ ወገን አንድ የሥጋ ዘመድ አልመጣም፤ የመጣው የቸርች ሰው ብቻ ነው። ልጄን ብጠይቀው «ቤተሰቦቿ ሩቅ ናቸው እማዬ» አለኝ። ለልጅ ሠርግ ሩቅ አለ እንዴ? ንቀውን ነው። ይህንንም ዋጥኩት።

ከቸርች ወደ እኔ ቤት ሲመጡ ግን ወጉ የእኔ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። በእኛ አገር ሙሽራ የባሏን ቤት ደጃፍ ስትረግጥ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ያን ቀን ነው የቤት ልጅ የምትሆነው። እኔም ከቀለበታቸው ጊዜ ጀምሮ ስሙን መርጬ ይዤ ነበር፤ ወርቅያንጥፉ። የጁባ ሐበሻ ሁሉ ሆቴሌ ግቢ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ይሰማል፣ እልልታው ይቀልጣል ብዬ ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ሃይ፣ ስዊቲ!»

እኔን! የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት! አማት ለምራት ስም ታወጣለች እንጂ ምራት ለአማት ስታወጣ ማን ሰምቶ ያውቃል? ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የሰበካ ጉባኤያችን ሊቀመንበር ሳይቀሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ወርቅያንጥፉን መልሼ ዋጥኳት።

ከዚያ ደግሞ ልጅቷ ደጃፉ ላይ ተገተረች። ግቢ ሲሏት አትገባም። ፎቶ የሚያነሳት ያለ ይመስል ዓይን ዓይኔን እያየች ትቆማለች። ከኋላዋ ወጥ የተሸከሙት አስተናጋጆች ማለፊያ አጡ። «ግቢ እንጂ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ!» አልኳት። ገባች። ያለ ስም ገባች። የራሷ ጥፋት ነው።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

የውሃ ቦቴው ዛሬም አልመጣም። ጄኔሬተሩ ያስላል። ጠዋት ስዊቲ። ምሳ ላይ ስዊቲ። ማታ «ጉድ ናይት ስዊቲ»። እየቆጠርኩ አይደለም።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ምራቴ ሩቲ እዚሁ ቡሉክ ሰፈር አንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ያስተማረችው አልበቃ ብሏት ቤቴን ሁሉ እንግሊዝኛ አደረገችው። ልጄ «ቤቢ» ነው። ጢም ያለው ሰውዬ! ምግብ አብሳዬ ጀውሀራ «ሃኒ» ናት። ድመቷ «ዳርሊንግ» ናት። እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ማዕረግ ጨምሬ «ስዊቲ ፓይ» ሆኛለሁ።

ኡስታዝ ላዶን ጠየቅኳቸው። ከጀበል ኩጁር እየመጡ እኔ ዘንድ ምሳ የሚበሉ፣ ጡረታ የወጡ የአገሩ መምህር ናቸው። በጦርነቱ ዘመን አዲስ አበባ ተሰደው ስለኖሩ አማርኛቸው ከአንዳንድ ሐበሻ ይሻላል።

«ኡስታዝ፣ ፓይ ምንድን ነው?»

«ማማ አስረሳሽ፣ ፓይ ማለት በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገር ምግብ ነው። ውስጡ ፍራፍሬም ሥጋም ይገባል።»

«ታዲያ እኔ ሊጥ ነኝ?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። እንግሊዞች በጥንት ዘመን ጣፋጭ ነገር ብርቅ ሆኖባቸው ስለነበር የወደዱትን ሰው በሚጣፍጥ ነገር መጥራት ለመዱ አሉኝ። ማር ማለቱ ከሁሉም የቆየው ነው። ስኳሩ፣ ኬኩ፣ ፓዩ በኋላ የመጣ ነው። «ዳርሊንግ ደግሞ» አሉኝ፣ «ድሮ ‹ትንሿ ውድ› ማለት ነበር፤ ሲባል ሲባል ተጣብቆ አንድ ቃል ሆነ።»

ለድመት ውድ፣ ለእኔ ሊጥ!

ማር ማለቱን እንኳ እኛም «ማሬ» እንላለን። ግን ማን ለማን? ትልቅ ለትንሽ ነው እንጂ የትናንት ልጅ ለአማቷ ነው? «ማፊ ሙሽኪላ ማማ፣ ልጅቷ ወዳሽ ነው» አሉኝ ኡስታዝ። ችግር የለም ይላሉ፤ እሳቸውን ማን ሊጥ አላቸው?

ግንቦት 3፣ እሑድ

ጀውሀራ ሽሮ እያማሰለች «እትዬ፣ ለልጅቷ መቼ ነው ስም የሚያወጡላት?» አለችኝ። እስላም ናት፣ የወሎ ልጅ፤ ወጋችንን በማወቅ ከእኔ አታንስም።

«እሷ ስም አጥታ ነው? ለአገሩ ሁሉ የምታድል!» አልኳት።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ትላላችሁ እናንተ። መልአኩ አኩርፎ አያውቅም።»

እቤቴ እየበላች ትሰብከኛለች።

እናት አባቴ ያወጡልኝ ስም ብዙአየሁ ነበር። እኔ ባገባሁ ሰሞን አማቴ ሴት ልጅ ቀብረው ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ቤት ገባሁ። ደጃፉ ላይ ፈርቼ ስቆም እሳቸው በጥቁር ልብስ ወጡና ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው «አስረሳሽ» አሉኝ። ገና ምንም ሳላስረሳቸው! ከዚያ ቀን ወዲያ እዚያ ቤት እንግድነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ሲሞቱም እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ብዙአየሁ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አሁን በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም።

ይህን ምን አስጻፈኝ? ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ዛሬስ ባሰ። ምሳ ሰዓት፣ ቤቱ በሾፌሮች ጢም ብሎ፣ ሩቲ ከትምህርት ቤት ገባችና ልጄን ሂሳብ መቀበያው ጋ ስታገኘው «ሃይ ፓምፕኪን!»

ይህችን እንኳ ያለ ኡስታዝ ላዶ አውቃታለሁ። ሜኑዬ ላይ አለች፤ የጾም ወጥ ነው።

«ልጄን ዱባ አልሽው?»

«ስዊቲ፣ አንቺስ ቀኑን ሙሉ ‹ሆዴ› ስትይው አይደል የምትውዪው? ከሆድና ከዱባ የቱ ይሻላል?»

ሾፌሮቹ አጨበጨቡላት። እኔም አልተሸነፍኩም። «ሆዴ የምለው ዘጠኝ ወር የተሸከምኩበት ስለሆነ ነው! ዱባ ማንን ተሸክሞ ያውቃል?» አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል ታደርጋለች። አላነሳሁትም፤ ሰው ፊት ስለነበርን ነው።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ዝናብ። ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈሳል። ልጅቷ ባልዲ ይዛ ስትሯሯጥ አመሸች። «አንቺ እረፊ ስዊቲ» አለችኝ። በገዛ ቤቴ አዛዥ ሆነችብኝ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

ዛሬ የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነበር። ቄሱ ጸበል ጸዲቁን ባርከው፣ ሴቶቹ ተቀምጠው፣ ነገሩ ሁሉ በሥነ ሥርዓት እየሄደ ሳለ ሩቲ ከሥራ ገባች። ሰላምታው የት አለ? ቀጥ ብላ መጥታ ጉንጬን ሳመችና «ስዊቲ ፓይ፣ ደከመሽ እንዴ?»

የሻረግ፣ ያቺ የልብስ ሱቅ ያላት ነገረኛ፣ ድምጿን ሳትቀንስ «አስረሳሽ፣ ይህቺ ልጅ እንደ አራስ ልጅ ታባብልሻለች አይደል?» አለች። ሴቶቹ ተንከተከቱ። ቄሱ ወደ መሬት አዩ።

ከዚያ በኋላ አፌን የከፈትኩት እኔ አይደለሁም፤ ንዴቱ ነው። «እኔ የከረሜላ ስም የለኝም! ወይዘሮ አስረሳሽ እባላለሁ! አንቱ የሚባል ነገር አልሰማሽም? እናትሽ እንዲህ ነው ያሳደገችሽ? እሷ ያላስተማረችሽን እኔ ላስተምርሽ?»

ልጅቷ ቀይ ናት፤ አመድ መሰለች። «ይቅርታ» ብላ ወጣች። የሻረግ እንኳ ዳቦዋን አስቀመጠች።

ልክ ነኝ። አንድ ቀን መባል ነበረበት። አማትን ማክበር ነውር አይደለም። ልክ ነኝ።

ግንቦት 22፣ ዓርብ

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ አስረሳሽ።»

ይኸው፣ ስትፈልግ ትችላለች።

ግንቦት 28፣ ሐሙስ

«ምሳ ቀርቧል ወይዘሮ አስረሳሽ።» «ደህና ይደሩ ወይዘሮ አስረሳሽ።» «ይለፉ፣ እርስዎ ይቅደሙ።» እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር አደረገችኝ! ይህ አክብሮት ሳይሆን ቅጣት ነው። አክብሪኝ አልኩ እንጂ ቅበሪኝ አልኩ?

ልጄንም ሰው ፊት በስሙ ብቻ ትጠራዋለች። ሃኒ የለ፣ ዱባ የለ። ኡስታዝ ላዶ ዛሬ ዙሪያቸውን አይተው «ቤቱ ምነው ዝም አለ?» አሉ። ጄኔሬተሩ ተሠርቶ ነው አልኳቸው።

ሰኔ 1፣ እሑድ

ቄሱ ዛሬ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው አስተማሩ። የሻረግን ዞሬ አየኋት። እሷን የሚመለከት ትምህርት ነው።

ከቅዳሴ ስመለስ ልጄ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። እንዲህ ሲቀመጥ ደህና ነገር አያመጣም።

«እማዬ፣ ሸሪካት ቤት ተከራይተናል።»

«ከድልድዩ ማዶ? ማን አባሮህ?»

«ማንም። ሥራዬን እንደሆነ እየተመላለስኩ እሠራለሁ።»

«እሷ ናት!»

«እማዬ፣ እዚህ እንግዳ ነኝ ነው የምትለው። ሌላ ምንም አላለችም። ምን ልበላት?»

እንግዳ! ያበላኋት፣ አልጋዬን የሰጠኋት! አንድ ልጄን ይዛብኝ ወንዝ ተሻገረች እኮ። «ሂድ» አልኩት። «ሂዱ። በሩ ክፍት ነው።» ልመና ከአስረሳሽ አፍ አይወጣም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ዛሬ ያየሁትንና የሰማሁትን እንዳለ ልጻፈው።

ማዕድ ቤቱ ጀርባ የሰቀልኩትን ልብስ ልሰበስብ ወጥቼ ነበር። ጆሮ ልጠባ አይደለም። መስኮቱ ክፍት ነው። ሩቲ ጀውሀራ አጠገብ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነው። ጀውሀራ እንዲህ ስትላት ሰማሁ፦

«ግን እንደው ለምን ፈረንጅኛ ብቻ? አማርኛ ማቆላመጫ ጠፍቶ ነው?»

«አላውቀውም እኮ ሃኒ» አለች ሩቲ። «ማሳደጊያ ነው ያደግኩት። እናትም አባትም አላየሁም። እዚያ ሁላችንም በሙሉ ስም ነው የምንጠራው፤ ሞግዚቶቹ ልጅ ይበዛባቸዋል፣ ለማቆላመጥ ጊዜ የላቸውም። አንዲት ፈረንጅ ነርስ ነበረች፣ አሮጊት። ማታ እየዞረች ስታለብሰን አንዱን ሃኒ፣ አንዷን ስዊቲ ትላለች። እኔን ፓምፕኪን ነበር የምትለኝ። ‹ልጄ› ማለት ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ መጽሐፍ ላይ የዱባ ሥዕል ሥር ተጽፎ አገኘሁት።»

«አቤት! አላዘንሽም?»

«ለምን? ለእኔ እስካሁን ‹ልጄ› ማለት ነው። ሆዴ፣ አንጀቴ የሚባለውን ከሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ግን ማንም ብሎኝ ስለማያውቅ አፌ ላይ አይመጣልኝም። የሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኛል።»

ጀውሀራ የተላጠውን ሰብስባ መክተፍ ጀመረች። ከዚያ ልጅቷ ቀጠለች፦

«መልኬ እናቱ ስም እንደሚያወጡልኝ ነግሮኝ ነበር። ሳቅፋቸው ከደስታዬ ብዛት ስዊቲ አልኩና ደነገጥኩ። ግን ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አሁን ይሉኛል፣ አሁን ይሉኛል እያልኩ። ‹ግቢ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ› አሉኝ።»

በሌለሁበት እንኳ አንቱ ትለኛለች።

አፈርኩ። ልብሱን እንዳቀፍኩ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። «እናትሽ እንዲህ ነው ያሳደገችሽ» ያልኩት፣ በማኅበሩ ሁሉ ፊት! ምላሴን ይቁረጠው።

ከዚያ በልጄ ነደድኩ። ጠርቼ «ሩቅ ናቸው ያልከኝ ለምንድን ነው?» አልኩት። «ዘር ማንዘሯ ያልታወቀ ትያታለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለኝ። እንዴት ያለ ድፍረት ነው! እኔ እንዲህ ያለች ሴት ነኝ? ጮህኩበት። ሲወጣ ግን አሰብኩት። ምናልባት እል ነበር።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ላናግራት ክፍሏ ድረስ ሄድኩ። ዕቃ እያሰረች ነበር። ብድግ አለችልኝ፤ እንደ ተማሪ! ብድግ ስትል የያዝኩት ሁሉ ጠፋኝ። «ካርቶን ይበቃችኋል?» ብዬ ተመለስኩ።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ሄዱ።

ዕቃው ፒክአፑን እንኳ አልሞላውም። ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ፤ ጀውሀራ በክርኗ ትጎስመኛለች። ልናገር ስል የሻረግ ከሱቋ ብቅ ብላ እጇን አጣምራ ታያለች። ደግሞስ ስም ሲገቡ እንጂ ሲወጡ ይወጣል? ሙሽራን ከቤት እያስወጡ ወርቅያንጥፉ ይባላል? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የተባለው ለእኔ ነው።

ልጅቷ መጥታ ጎንበስ አለች። «ወይዘሮ አስረሳሽ፣ ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግናለን።»

ስለ ሁሉም ነገር! ክፍል ይዞ የከረመ መንገደኛ ነው እንዲህ የሚለኝ። ቁልፉንም አስረከበችኝ። ተቀበልኩ። «በደህና ግቡ» አልኩ። በደህና ግቡ! ከስንቱ ቃል መካከል!

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ልጄ መጥቶ ሠርቶ ሄደ። እሷን አልጠየቅኩትም። እሱም አልነገረኝም። ድመቷ አልጋቸው የነበረበት ቦታ ተኝታ አትነሳም። ኡስታዝ ላዶ «ማአሌሽ ማማ» አሉኝ፣ አይዞሽ ማለታቸው ነው፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው። የሞተብኝ የለም! ሾርባቸውን ቀዝቃዛ ሰጠኋቸው፤ ዝም ብለው ጠጡት።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሚካኤልን አስቀድሼ ወጣሁ። ወደ ቤት ልሄድ ነበር። ቦዳው፣ ባለ ሞተሩ ልጅ፣ «ወዴት ማማ?» ሲለኝ «ሸሪካት» አልኩት። ነጭ ልብሴን እንደለበስኩ ሞተር ላይ ወጣሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ! ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። «ሸውያ ሸውያ!» እያልኩ፣ ቀስ በል እያልኩ ጀርባውን ብደበድበው ልጁ ይስቃል። ድልድዩ ላይ መኪናው ቆሞ ቆምን። ወርቅያንጥፉን ለራሴ ጮክ ብዬ ሞከርኳት። አስጠላችኝ። ድንኳን ሙሉ ሰው እንዲሰማልኝ የመረጥኳት ስም ናት፤ ወርቁም ምንጣፉም የእኔ ነው፣ ልጅቷ የለችበትም። እዚያው ጣልኳት።

ቤታቸው የቆርቆሮ አጥር ያለው ነው። ልጄ ግቢው ውስጥ ውሃ ይቀዳል። ሩቲ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ታጥባለች፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። ጫማዬ በጭቃ ከብዶ፣ ነጠላዬ ተበላሽቶ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ልጄ አየኝና ደነገጠ። «እማዬ! ምን ሆንሽ? ግቢ እንጂ!» አለኝ። አልገባሁም። መጀመሪያ እሷ ስሟን ታግኝ። ያኔ አማቴ ደጃፍ ላይ እንደፈራሁት ፈራሁ፤ ያን ጊዜ ሙሽራዋ እኔ ነበርኩ፣ አሁን ምን እንደሚያስፈራኝ አላውቅም። አዎ፣ አውቃለሁ። ብጠራትና ዝም ብትለኝስ ብዬ ነው።

«የኔነሽ!» ብዬ ተጣራሁ።

ልጄ ማንን እንደምጠራ ግራ ገብቶት ወደ ኋላው ዞሮ ጎረቤቶቹን አየ። ወይ የእኔ ጅል!

እሷ ማንንም አላየችም። እጇን ከአረፋው አወጣች።

«አቤት» አለች።